ስለ እርሾ ነፍሳትና በሕዋስ ውስጥ ስለሚደረገው የመልእክት እርማት
ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ሹማምንትና ባለእርሻዎች የቀረበ ትምህርት

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ በሹመት ላይ ያለ ሰው ሁለት ነገር ሳያይ ዓመቱን አይጨርስም። አንደኛው፣ ሐሩሩ በሚበረታበት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ጥንስስ በወጉ ሳይፈላ መቅረቱ፣ የሊጡም እርሾ መድከሙ ነው። ሁለተኛው፣ ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ ከደጋ የወረደ ሠራተኛ በወባ መድኃኒት የማይለቅ ትኩሳት ይዞት፣ ጣፊያው አብጦ፣ ሰውነቱ መንምኖ መገኘቱ ነው። ከእነዚህ ነገሮች አንዱ የማድቤት፣ ሁለተኛው የሐኪም ቤት ጉዳይ ስለ ሆነ የሚገናኙ አይመስሉም። ዳሩ ግን ሊቃውንት ስለ እርሾ ከስድሳ ዓመት በላይ በመረመሩት ነገር ውስጥ ሁለቱንም የሚነካ አንድ ትምህርት ይገኛል፤ ይኸውም በሕዋስ ውስጥ የተጻፈው ትእዛዝ ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት እንዴት እንደሚቈረጥ፣ እንደሚቀጠልና እንደሚታረም የሚያስረዳው ነው።

በቤት ልማድ እርሾ የሚባለው ከቀድሞው ሊጥ ላይ ተቀድቶ ለሚቀጥለው የሚቀመጠው ውኃ ነው። ነገር ግን ሊጡን የሚያነሣው ውኃው ራሱ አይደለም፤ በውስጡ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። አንዲቱ የእርሾ ሕዋስ አንድ ሚሊሜትር ለሁለት መቶ ቢከፈል ከዚያ የአንዱን እጅ ያህል ናት። የመጠጥ መፍላት የእነዚህ ሕያዋን ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ከ1857 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ሲነገር ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በምርመራ አስረዳ። ጠላን፣ ጠጅንና የፉርኖ ዱቄትን የሚያፈላው ዋነኛው ዓይነት በሊቃውንት ዘንድ ሳካሮሚሴስ ሰረቪስዬ ይባላል። በእንጀራ ሊጥ ውስጥ ግን ሌሎች የእርሾ ዓይነቶችና ሊጡን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች አብረው ይሠራሉ።

ሌላም ዓይነት አለ፤ ለማሽላ አገር ሰው ይልቁንም ይህኛው ሊታወቅ የተገባው ነው። በ1893 ጀርመናዊው ፓውል ሊንድነር ከምሥራቅ አፍሪካ ከመጣ የእህል ጠላ ውስጥ አንድ እርሾ አገኘና በስዋሂሊ ቋንቋ ጠላ ማለት የሆነውን «ፖምቤ» የሚለውን ቃል ስም አድርጎ ሰጠው። ሳካሮሚሴስ እንደ ቁልቋል ቡቃያ ከጎኗ ልጅ ስታበቅል፣ ይህችኛይቱ ግን እኩል ለሁለት ተሰንጥቃ ትራባለች። የአፍሪካ ጠላ የሰጠው ይህ እርሾ ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ለዓለም ሊቃውንት ትልቅ ምስክር እንደ ሆነ ከዚህ በታች ይታያል።

የማንኛውም ሕያው ነገር መልክና ሥራ በሕዋሱ ውስጥ ዲኤንኤ በሚባል ረጅም ክር ላይ በአራት ፊደል ተጽፎ ይገኛል። አንድ ሥራ ለመሥራት የሚበቃው የጽሕፈቱ ክፍል ዘረ መል ይባላል። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከጃፓን የተውጣጡ ስድስት መቶ ያህል ሊቃውንት ተባብረው የሳካሮሚሴስን ጽሕፈት በሙሉ አንብበው በ1996 ጨረሱ፤ በ16 ክሮች ላይ የተጻፈ 12 ሚሊዮን ያህል ፊደል፣ በእርሱም ውስጥ 6,000 የሚያህል ዘረ መል ተገኘ። የውስጥ እልፍኝ ካላቸው ሕያዋን ወገን፣ ማለት ከእንስሳ፣ ከአዝርዕትና ከእርሾ ወገን፣ ጽሕፈቱ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ይህ ነው።

ይህ ጽሕፈት ከእልፍኙ አይወጣም። ዋናው ሰነድ በመዝገብ ቤት ተቈልፎ ግልባጩ ብቻ ወደ ወረዳ እንደሚላክ፣ ሕዋስም ከዲኤንኤ ላይ አርኤንኤ የሚባል ግልባጭ ታስቀዳለች። ግልባጩ ከእልፍኙ ወጥቶ ራይቦዞም ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ይደርሳል፤ በዚያም ሦስት ሦስት ፊደል እየተነበበ ፕሮቲን ይሠራበታል። ፕሮቲኖች የሕዋስ ሠራተኞች ናቸው፤ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጡት፣ ግድግዳውን የሚያቆሙት፣ በሽታውን የሚከላከሉት እነርሱ ናቸው።

እስከ 1977 ድረስ ግልባጩ ከዋናው ጋራ ፊደል በፊደል አንድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በዚያ ዓመት ሪቻርድ ሮበርትስና ፊሊፕ ሻርፕ የሚመሯቸው ሁለት ወገኖች እየብቻቸው ሲመረምሩ ነገሩ እንዲያ አለመሆኑን አገኙ። በዋናው ጽሕፈት መካከል በመጨረሻው መልእክት ውስጥ ፈጽሞ የማይገኝ ረጅም ንባብ ገብቶበት ነበር። ይህ ጣልቃ የገባ ንባብ ኢንትሮን ይባላል። ግልባጩ መጀመሪያ ኢንትሮኑን ጨምሮ ይቀዳል፤ ከእልፍኙ ሳይወጣ ግን ኢንትሮኑ ተቈርጦ ይጣላል፣ ከወዲህና ከወዲያ ያለው ንባብም ይቀጠላል። ስለዚህ ነገር ሁለቱ ሊቃውንት በ1993 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ቈርጦ የመቀጠል ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ የአገራችንን የብራና ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። በቀድሞው ጽሕፈት ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ በአንድ ፊደል ወዲያ ቢሸሽ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ትርጉም ያጣል። በሕዋስም ሦስት ሦስት ፊደል እየተቈጠረ ስለሚነበብ፣ ቈራጩ አንዲት ፊደል አትርፎ ወይም አጕድሎ ቢቀጥል ፕሮቲኑ ከዚያች ቦታ ጀምሮ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጭራሽ አይሠራም።

ታዲያ ቈራጩ ማን ነው? ከየትስ ቈርጦ ከየት እንደሚቀጥል በምን ያውቃል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠችው እርሾ ናት፤ የሰጠችውም በሙቀት ምክንያት ነው።

አንድ ሹም በመሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ከሥራው አውጥቶ የሚጐድለውን ነገር ማየት ይበቃል። ነገር ግን ያለ እርሱ ሥራው ሁሉ የሚቆም ዋና ሹም ቢሆን፣ እርሱን ማውጣት ቤቱን መዝጋት ይሆንና ምንም አይታወቅም። በሕዋስም እንዲሁ ነው፤ ለሕይወት ግድ የሆነ ዘረ መል ቢጠፋ ሕዋሲቱ ትሞትና መርማሪው ባዶ ሳሕን ይቀርለታል። ሊላንድ ሃርትዌል የሚባለው አሜሪካዊ በ1967 ያሳተመው ምርመራ ይህን ችግር በብልሃት የተሻገረ ነበር። በ23 ዲግሪ ሙቀት በደኅና የሚያድጉ፣ በ36 ዲግሪ ግን ሥራቸው የሚቆም የእርሾ ዓይነቶችን ለይቶ ሰበሰበ። ደጋ ሲሾም በወጉ የሚሠራ፣ ቆላ ሲወርድ ግን የሚታመም ሹም እንዳለ ሁሉ፣ በእነዚህ እርሾዎች ውስጥም አንድ ፕሮቲን በብርድ ይሠራል፣ በሙቀት ይተኛል። እንግዲህ መርማሪው እርሾውን በብርድ አሳድጎ ያበዛል፤ ከዚያ ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ምን ነገር እንደ ጐደለ ይመለከታል።

ሃርትዌል በ1970 ከባልደረቦቹ ጋራ ከነዚህ ዓይነቶች መካከል አሥር ዘረ መሎችን ለይቶ አሳወቀ፤ ከአርኤንኤ 2 እስከ አርኤንኤ 11 የሚል ስም ተሰጣቸው። ሙቀቱ ሲጨምር እነዚህ እርሾዎች አዲስ ራይቦዞም መሥራት ያቆሙ ስለ ነበር፣ አሥሩ ዘረ መሎች የራይቦዞም አለቆች ናቸው ተባለ። ኢንትሮን የሚባል ነገር ገና ስላልታወቀ ከዚህ የተሻለ ፍርድ ሊሰጥ የሚችል አልነበረም። ነገሩ አሥራ አንድ ዓመት በዚያው ቆየ። በ1981 ግን ማይክል ሮዝባሽና ባልደረቦቹ የአንዱን፣ የአርኤንኤ 2ን ጕድለት ሲመረምሩ፣ በሙቀቱ ጊዜ ኢንትሮናቸው ያልተቈረጠላቸው ረጃጅም ግልባጮች ተከማችተው አገኙ። አሥሩ ዘረ መሎች ራይቦዞምን በቀጥታ የሚሠሩ አልነበሩም፤ የቈራጩ አካላት ነበሩ። በሳካሮሚሴስ ዘንድ ኢንትሮን ያለባቸው ዘረ መሎች ጥቂት ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የራይቦዞምን ፕሮቲኖች የሚያሠሩ ናቸው። ስለዚህ ቈራጩ ሲተኛ መጀመሪያ የሚዘጋው የራይቦዞም መሥሪያ ቤት ነው። በኋላም የእነዚህ ዘረ መሎች ስም ተለውጦ ፒአርፒ ተባሉ፤ ቁጥራቸውም እየተጨመረ ሄደ። ሃርትዌል በ2001፣ ሮዝባሽም በ2017 ኖቤል ቢቀበሉም፣ ሁለቱም የተሸለሙት በሌላ ሥራቸው ነው፤ ይህኛው ሥራ ግን ከዚያ የሚያንስ አይደለም።

ቈራጩ አንድ ፕሮቲን ብቻ አለመሆኑ ከዚያ በኋላ ታወቀ። አምስት አጫጭር አርኤንኤዎችና መቶ ያህል ፕሮቲኖች በየተራቸው እየገቡና እየወጡ የሚያቆሙት ትልቅ ማኅበር ነው፤ በ1985 በእርሾ ላይ የሠሩት ሊቃውንት ስፕላይሶዞም የሚል ስም አወጡለት። አምስቱ አርኤንኤዎች ዩ1፣ ዩ2፣ ዩ4፣ ዩ5ና ዩ6 ይባላሉ። የእርሾ ኢንትሮን ብዙውን ጊዜ ጂዩኤዩጂዩ በሚሉ ስድስት ፊደላት ይጀምራል፤ ዩ1 ይህን መነሻ አንብቦ ይይዛል። በኢንትሮኑ መጨረሻ አቅራቢያ ዩኤሲዩኤኤሲ የሚል ንባብ አለ፤ ይህን ዩ2 ይይዛል። ከዚያ ዩ4፣ ዩ5ና ዩ6 በአንድነት ይመጣሉ፤ ዩ1ና ዩ4 ይሰናበታሉ፤ ዩ2ና ዩ6 ተጠማዝዘው መቍረጫውን ያበጃሉ። በመጀመሪያ የኢንትሮኑ ራስ ተቈርጦ፣ ዩ2 በያዘው ንባብ ውስጥ ካለችው ከአንዲቱ ኤ ጋራ ይታሰርና ኢንትሮኑ እንደ ሸምቀቆ ይሆናል። ቀጥሎ ኤጂ በሚለው ፍጻሜው ላይ ይቈረጥና ሁለቱ ንባቦች ይጋጠማሉ፤ ሸምቀቆውም ይጣላል። ቢላዋው ራሱ ፕሮቲን ሳይሆን አርኤንኤ መሆኑ በ2013 በእርሾ ላይ ተረጋገጠ፤ ይህም ብዙዎችን ያስገረመ ነገር ነው።

ከፕሮቲኖቹ ሁሉ የሚበልጠው ፒአርፒ 8 ነው። 2,413 አሚኖ አሲድ ተያይዘው የሠሩት፣ መቍረጫውን በመካከሉ አቅፎ የሚይዝ ነው። ይህ ፕሮቲን ከእርሾ እስከ ሰው ድረስ እምብዛም አልተለወጠም። በሰው ዘንድ ይኸው ዘረ መል በአንዳንድ ቦታ ሲበላሽ ሰውየው መጀመሪያ በማታ፣ በኋላም እየቆየ በቀን ጭምር ዓይኑ እንደሚደክም በ2001 ታወቀ። የጠላ እርሾን መመርመር ለሰው ዓይን ሐኪም ይጠቅማል ቢባል የሚስቅ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ሆኖም ነገሩ እንዲህ ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ፒአርፒ 16 ነው። ቈራጩ የመጀመሪያውን ሥራ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው እንዲያልፍ የሚያደርግ ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ አራሚ እንደሚያደርገው እግረ መንገዱን ይመለከታል። የተያዘው ንባብ ትክክለኛው ከሆነ ሥራው ይፈጥናል፤ የተሳሳተ ንባብ ከተያዘ ግን ሥራው ይዘገያል፣ ፒአርፒ 16ም መዘግየቱን አይቶ ያንን ግልባጭ ከሥራ ያስወጣዋል። ይህን የመረመረችው አሜሪካዊቷ ክሪስቲን ገትሪ ናት፤ ፒአርፒ 16 የተበላሸበት እርሾ የተሳሳተውንም ንባብ እያሳለፈ እንደሚሄድ ከባልደረባዋ ጋራ አሳየች። ፒአርፒ 43 ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ማኅበሩን ይበትናል፤ አካላቱም ወደ ሌላ ግልባጭ ይሄዳሉ።

ሊቃውንት ይህን ሁሉ ያወቁት ማኅበሩን በዓይን ሳያዩት ነበር። በ2015 የቻይና ሊቃውንት፣ መሪያቸው ሺ ይጎንግ፣ በብርድ በሚሠራ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የስፕላይሶዞምን መልክ እያንዳንዱ አካል እስኪታወቅ ድረስ አሳዩ። ለዚህም የመረጡት ከላይ የተነገረውን ፖምቤ የሚባለውን የአፍሪካ ጠላ እርሾ ነው። በፖምቤ ዘንድ ከዘረ መሎቹ ግማሽ የሚጠጉት ኢንትሮን ስላለባቸው፣ ከሳካሮሚሴስ ይልቅ የሰውን ይመስላል። በሳካሮሚሴስ ዘንድ ኢንትሮን ያለባቸው 6,000 ከሚያህሉት 300 እንኳ አይሞሉም፤ በሰው፣ በማሽላና በሰሊጥ ዘንድ ግን አብዛኞቹ ዘረ መሎች ኢንትሮን አለባቸው።

እነዚያ ጥቂት ኢንትሮኖች ለሳካሮሚሴስ ምን ይጠቅሟታል የሚለው ብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖረ። በ2019 ሁለት ወገን መርማሪዎች በአንድ ጊዜ እንዳሳወቁት፣ ኢንትሮኖቿ የወጡላት እርሾ ምግብ ሞልቶ ሳለ ምንም አይጐድልባትም፤ ምግብ ሲያልቅ ግን ኢንትሮን ካላቸው ቀድማ ትደክማለች። ትርፍ ንባብ የተባለው የችጋር ጊዜ ስንቅ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ መተማ ሐሩር እንመለስ። ሳካሮሚሴስ በደንብ የምትሠራው በ30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ግን አብዛኞቹ ዓይነቶች ይዝላሉ። በመተማ ዮሐንስ፣ በኮኪትና በሽንፋ በመጋቢትና በሚያዝያ እኩለ ቀን የጥላው ሙቀት እንኳ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በፀሐይ የቆመ ጋን ወይም በርሜል ከዚያ ይብሳል። የሃርትዌል እርሾዎች በዘራቸው ጕድለት የነበራቸው ናቸው፤ ጤነኛይቱ እርሾ ግን በ36 ዲግሪ አትሸነፍም። ሆኖም ሱዛን ሊንድኲስትና ባልደረባዋ በ1991 እንዳሳዩት፣ ጤነኛይቱም ብትሆን ብርቱ ሙቀት በድንገት ሲያገኛት ቈርጦ የመቀጠሉ ሥራ ይታወክባታል፤ ኢንትሮን ያለባቸው ግልባጮች ሳይታረሙ ይከማቻሉ። አስቀድማ መጠነኛ ሙቀት የቀመሰች እርሾ ግን በኋላ ብርቱው ሙቀት ሲመጣ ሥራው አይቋረጥባትም። ምክንያቱም በመጠነኛው ሙቀት ጊዜ ሌሎች ፕሮቲኖችን ከጕዳት የሚጠብቁና የተጐዱትን የሚያቀኑ ልዩ ፕሮቲኖች ታዘጋጃለች። ከእነዚህ የሚበዙት የሚሠሩት ኢንትሮን ከሌለባቸው ዘረ መሎች ነው፤ ቈራጩ ቢተኛም እነርሱ መሠራታቸው አይቀርም።

በሐሩር ጊዜ የጥንስስ መበላሸት ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ሙቀት የሕዋስን ሽፋን ያላላል፤ የሚያኮመጥጡትም ባክቴሪያዎች ከእርሾ ይልቅ ሙቀት ይችላሉና ይቀድሟታል። ነገር ግን ከተነገረው ውስጥ ብዙ ሠራተኛ የሚቀልብ ባለእርሻ ሊጠቀምበት የሚችል ነገር አለ። እርሾን የሚገድላት ከሙቀቱ ይልቅ የሙቀቱ ድንገተኛነት ነው። በጥላ የነበረ እርሾ በፈላ ውኃ ወይም ፀሐይ ባጋለው ድፍድፍ ላይ ባንድ ጊዜ መፍሰስ የለበትም፤ ውኃው እጅ ገብቶ የሚቆይበት ያህል እስኪበርድ መጠበቅ፣ እርሾውንም አስቀድሞ በጥቂት ለብ ባለ ድፍድፍ ለውሶ ማቆየት ይገባል። ጥንስሱ ማታ ቢጠነሰስ የመጀመሪያውን ሌሊት በቀዝቃዛ ያሳልፋል። የሸክላ ጋን ውኃ ስለሚያልበው ይበርዳል፤ በላዩ የራሰ ጆንያ ቢደረግበት ይበልጥ ይበርዳል፤ የብረት በርሜል ግን ለዚህ ሥራ የማይሆን ዕቃ ነው። የቆላ ባልቴቶች ከዚህ ብዙውን ያለ ማይክሮስኮፕ ያውቁታል። ከደጋ የመጣ አዲስ ቀላቢ ግን ስለማያውቀው በየካምፑ ብዙ እህል ይበላሻል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የከበደ ነው። በጓንግና በሽንፋ ወንዞች አካባቢ፣ እንዲሁም እስከ ሁመራ ድረስ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ካላዛር የሚባለው በሽታ ይገኛል፤ በኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ በሽታ ዋነኛው አገር ይህ ቆላ ነው። የሚያመጣው ሊሽማንያ ዶኖቫኒ የሚባል አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ነፍስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈውም ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ዝንቧ ቀን በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ውስጥና በግራር ሥር ተደብቃ ትውላለች፤ ሌሊት በሜዳ የተኛውን ሠራተኛ ትነድፋለች። በሽታው ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

ሊሽማንያም እንደ እርሾ የውስጥ እልፍኝ ያለው፣ ግልባጩንም ቈርጦ የሚቀጥል ሕዋስ ነው። ፒአርፒ 8 በእርሱም ዘንድ አለ፤ ዩ2፣ ዩ4፣ ዩ5ና ዩ6ም አሉት። የሥራው ወግ ግን ከእርሾም ከሰውም የተለየ ነው። 8,000 ያህል የሆኑት ዘረ መሎቹ በረጃጅም ሰልፍ ተደርድረዋል፤ በሰልፉ ያሉት ብዙ ዘረ መሎች በአንድነት እንደ አንድ ጥቅል ብራና ይቀዳሉ። ከዚያ ጥቅሉ ይቈራረጥና በእያንዳንዱ ቍራጭ ራስ ላይ በሌላ ስፍራ የተሠራ ባለ 39 ፊደል ንባብ ይቀጠልበታል። በቀድሞው ዘመን የንጉሥ ደብዳቤ ማኅተሙ በራሱ ላይ ካልታየ እንደማይነበብ፣ የሊሽማንያም መልእክት ይህ 39 ፊደል በራሱ ላይ ካልተቀጠለ ወደ ፕሮቲን አይለወጥም። ለሺህ ዓይነት መልእክት ማኅተሙ አንድ ነው። ይህ ነገር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው የሊሽማንያ ዘመድ በሆነው በትሪፓኖዞማ ላይ ነው፤ የቆላ ከብት አርቢ የሚያውቀው ገንዲ ከዚሁ ወገን ነው።

ሰው እንዲህ ያለ ማኅተም የለውም። መድኃኒት ፈላጊ ይህን ሲሰማ ጆሮውን ማቅናቱ አይቀርም፤ በሽተኛውን ሳይነካ ተባዩን ብቻ የሚመታበት በር ይመስላልና። እስካሁን ፍሬ ያሳየው በር ግን ከማኅተሙ አጠገብ ያለው ነው። በትሪፓኖዞማና በሊሽማንያ ዘንድ የአንዱ መልእክት ጅራት መቈረጥ ከሚቀጥለው መልእክት ማኅተም መቀጠል ጋራ የተያያዘ ነው። ጅራቱን የሚቈርጠው ፕሮቲን ሲፒኤስኤፍ 3 ይባላል፤ በእርሾ ዘንድ ዘመዱ ዋይኤስኤች 1 ነው። ለአፍሪካ የእንቅልፍ በሽታ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጠው አኮዚቦሮል የሚባለው መድኃኒት፣ ለከብት ገንዲም የተሠራው ዘመዱ፣ የሚያስተኙት ይህንኑ ፕሮቲን መሆኑ በ2018 ታወቀ። በሰዎች ላይ የተደረገው የአኮዚቦሮል ሙከራም መልካም ውጤት እንዳሳየ በ2022 ታተመ። ለካላዛር የታሰበው ዘመዳቸው ግን ገና በምርመራ ላይ ያለ እንጂ በሐኪም ቤት የሚገኝ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው ሕክምና በሁለት መድኃኒት የሚሰጥ የ17 ቀን መርፌ ነው፤ ከዚያ በፊት በአንድ መድኃኒት ብቻ 30 ቀን ይወጋ ነበር። ሰሊጥ በሚራገፍበት ወር 17 ቀን ከሥራ መቅረት ለቀን ሠራተኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት የሚፈለገውም ስለዚህ ነው።

በሽታው በቆላ ታስሮ አይቀርም። በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወባ ነው እየተባለ ሲታከም የቆየ ገዳይ ትኩሳት ካላዛር መሆኑ በ1997 ዓ.ም. ተረጋገጠ። በሽታውን ወደዚያ ደጋ ያወጡት ከመተማና ከሁመራ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች እንደ ሆኑ ይታመናል። ብዙ ሰው የሞተው መድኃኒት ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን የበሽታው ስም ስላልታወቀ ጭምር ነው።

ስለዚህ በአረምና በአጨዳ ወራት በካምፕ ሠራተኛ የሚያሳድር ባለእርሻና በአካባቢው ያለ ሹም፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ የወባ ምርመራው የለበትም ያለውን፣ ጣፊያው ያበጠና የከሳ ሠራተኛ ሲያገኝ ሒሳቡን ዘግቶ ወደ አገሩ ማሰናበት የለበትም። ለካላዛር የሚደረገው የደም ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ይህ ምርመራና ሕክምናው በመተማ ሆስፒታልም፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በሚገኘው የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከልም ይሰጣል። ሠራተኛው ወደ ደጋ ከመመለሱ በፊት ቢመረመር ለራሱም ለሚገባበት ቀበሌም ይበጃል፤ የተመለሰም ከሆነ ስሙና ቀበሌው ለዚያው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሊነገር ይገባል። ካምፕ ሲሠራም የመኝታው ስፍራ ከግራር ሥርና ከተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ራቅ ብሎ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አጎበር ተሰጥቶ ቢሆን፣ የአጎበሩ ዋጋ ከአንድ ሠራተኛ የ17 ቀን ደመወዝ ያነሰ ሆኖ ይገኛል።